የባዶ ቦታው ጠበቃ

ማተሚያ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ወረቀት ይዛችሁ ትገባላችሁ፤ "ይህችን ብቻ አስተካክልልኝ" ትላላችሁ። እሱ ወረቀቱን ትቶ እናንተን ከላይ እስከ ታች ያያችኋል። የመጣችሁት ለአሥር ደቂቃ ነበር፤ የምትወጡት ቀኑ ከተገባደደ በኋላ ነው። በእጃችሁ የያዛችሁትም ያዘዛችሁትን አይደለም። ይባስ ብሎ ካዘዛችሁት ይበልጣል። በዚህ ትናደዳላችሁ፤ ሁለተኛ እዚህ ደጅ አልደርስም ብላችሁ ትምላላችሁ፤ በሚቀጥለው ወር ግን እዚያው ደጅ ላይ ተሰልፋችሁ ትገኛላችሁ።

በዳካ ከተማ፣ ኒልኬት በሚባለው የመጻሕፍትና የማተሚያ ሰፈር፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ሞታሃር ሆሴን ናቸው። ተማሪው ሁሉ "ሞታሃር ብሃይ" ይላቸዋል። ብሃይ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ በዕድሜ የብዙዎቹን ተማሪዎች አባት የሚበልጡ መሆናቸውን ግን ማንም አያነሳባቸውም። ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ትንፋሹን ውጦ የሚገባባት ናት። መነጽራቸው ሁለት ነው፤ አንዱ ዓይናቸው ላይ፣ ሌላው ግንባራቸው ላይ። የግንባሩ ለምን እንደሆነ እስካሁን የደረሰበት የለም። የኮምፒውተራቸው ቁልፎች ላይ የነበሩት ፊደላት ተፍቀው አልቀዋል። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ "እንዴት ነው የሚጽፉበት?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ "የት እንዳሉ እኔ አውቃለሁ፤ አንተ ምን አገባህ?" ብለውታል።

ክቡርነታቸው በወጣትነታቸው የእርሳስ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት እያንዳንዱ ፊደል ከእርሳስ ብረት ተቀርጾ በሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ለቃሚው አንድ በአንድ እያነሳ ቃል ይሠራል። በቃልና በቃል መካከል ያለው ክፍት ቦታ እንኳ ፊደል የሌለው የእርሳስ ቁራጭ ነበር፤ እሱም ይለቀማል፣ እሱም ይደረደራል። ስለዚህ አንዱ ደፋር ተማሪ "ሞታሃር ብሃይ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነውኮ፤ አንድ ነገር ጣል እናድርግበት?" ያለ እንደሆነ ጉድ ይፈላል።

"ባዶ? ባዶ ቦታ በነጻ የመጣ መሰለህ? እኔ ባዶ ቦታን አሥራ አንድ ዓመት በእነዚህ ጣቶቼ ስለቅም ኖሬያለሁ! ክብደቱን ታውቀዋለህ? አታውቀውም። እንግዲያው አትንካው።"

በአቅራቢያው ካለው ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ ሃያ የሚጠጉ አጫጭር ፊልሞች ይሠራሉ፤ የሁሉም ፖስተር በእኚህ ሰው እጅ ማለፉ አይቀርም። ሥነ ሥርዓቱም የታወቀ ነው። መጀመሪያ "ፊልሙን ንገረኝ" ይላሉ። ተማሪው ይነግራቸዋል። ቀጥሎ ያመጣውን ንድፍ ያያሉ። ከዚያ ያቺ የተፈራች ጥያቄ ትመጣለች፤ "ምኑን እናውጣ?"

አንድ ጊዜ አንዱ ተማሪ ፊልሙ የተላከባቸውን ውድድሮች ሁሉ አርማ፣ እያንዳንዱን በቅጠል ጉንጉን ከብቦ፣ በፖስተሩ አናት ላይ ደርድሮ መጣ። ሞታሃር ብሃይ ቅጠሉን ቆጠሩና፣ "ልጄ፣ ይህ ፊልም ነው ወይስ የጓሮ አትክልት?" አሉት። ሌላው ሠላሳ አንድ ስም ይዞ መጣና ማንም እንዳይቀየመው ሁሉም በእኩል መጠን እንዲጻፍለት ለመነ። "ከእነዚህ ውስጥ ውሃ ያመላለሰው የቱ ነው?" ብለው ጠየቁት። ጠቆማቸው። "ቢያንስ እሱ ሥራ ሠርቷል" አሉና የእሱን አስቀርተው የአሥራ ሰባቱን ሰረዙ። አስፈሪ ፊልም የሠራች አንዲት ልጅ ደግሞ ርዕሱ ደም እንዲያንጠባጥብ ፈለገች።

"ፊልሙ ውስጥ ደም አለ?"

"በጣም ብዙ!"

"እንግዲያው ደሙን ለፊልሙ ተዪለት። እዚህ ካፈሰስሽው እዚያ ምን ሊቀርሽ ነው?"

በነጭ ወረቀት መሃል አንድ በር አደረጉላት፤ ገርበብ ያለ፣ ሌላ ምንም የሌለበት። ልጅቷ እያለቀሰች ወሰደችው። ፖስተሩ ኮሪደር ላይ በተሰቀለ ማግስት የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ በዚያ ኮሪደር አላልፍም ብላ በጓሮ በኩል መመላለስ ጀመረች። "ትንሽ ደመቅ ይበልልን" ለሚሏቸው ሁሉ ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ድምቀት ሰርግ ቤት ነው ያለው። ሰርግ ካላችሁ ካርዱን ላትምላችሁ።"

የፊልም ተማሪዋ ላቦኒ ይህን ሁሉ ሰምታ ነው ወደዚያች ሱቅ የገባችው። ጊዜው ነሐሴ ነው፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል። ከጎኗ ካሜራ ያነሳላት የክፍሏ ልጅ ዲፕቶ አለ፤ በእጁ ፍላሽ ይዟል። ፖስተሩ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት በትምህርት ክፍሉ ኮሪደር መሰቀል አለበት፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይዘጋል። በማግስቱ ተማሪው በኮሪደሩ እያለፈ ፖስተሮቹን ያያል፤ ደስ ያለውን መርጦ ወደ አንዱ ክፍል ይገባል። የላቦኒ ፊልም የደረሰው የመጨረሻዋ ትንሽ ክፍል ነው፤ በዚያው ሰዓት በትልቁ አዳራሽ የሚታየው ደግሞ አገር የሚያውቀው የቴሌቪዥን ተዋናይ ያለበት ኮሜዲ ነው።

"ሞታሃር ብሃይ፣ ፖስተሩ አልቋል፤ ማተም ብቻ ነው የቀረው" አለ ዲፕቶ፣ ፍላሹን እየዘረጋ።

"አንተን ማን ጠየቀህ? ፊልሙ የማን ነው?"

"የኔ ነው" አለች ላቦኒ።

"ንገሪኛ።"

ነገረቻቸው። አባቷ ኩዱስ ማጂ ከባሪሳል ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት ወንዝ ላይ ሰው ሲያሻግሩ ኖረዋል። ጀልባቸው ቀዘፋ አታውቅም፤ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሯል፤ እሳቸው ጀልባዋ ላይ ቆመው ገመዱን በእጃቸው እየሳቡ ወዲህና ወዲያ ይላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ካቻምና ድልድይ ተሠራ። ሰዉ ተደሰተ፤ እሳቸውም በምረቃው ቀን ከሰዉ ጋር አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት እየሄዱ ወንዙ ዳር ይቀመጣሉ። ፊልሙ እሳቸው ገመዱን ሲጠቀልሉ የሚያሳይ ነው። ርዕሱ "ኦፓር" ነው፤ ወዲያ ማዶ ማለት ነው።

"ነገ በፊልሙ ሰዓት አባቴ ከባሪሳል ይመጣል" አለች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። "ስንቀርጽ ሁሉ 'ይህን ማን ያየዋል?' ነበር የሚለኝ። ባዶ ወንበር ቢያገኝስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የማይመጣበት ዳር ላይ ተቀምጧል። ደግሞ እኔ ዳካ ድረስ ጠርቼ ሰው የማይመጣበት ክፍል ላስቀምጠው?"

ሞታሃር ብሃይ ፍላሹን ተቀብለው ሰኩ። የዲፕቶ ፖስተር ተከፈተ። ኩዱስ ማጂ ከአገጫቸው እስከ ፀጉራቸው ገጹን ሞልተውታል፤ ሽብሽባቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ በቀኝ ጉንጫቸው ላይ አንድ ትልቅ እንባ ያብለጨልጫል።

"ይህ እንባ የማን ነው?"

"ማለት?" አለ ዲፕቶ።

"ፊልሙ ውስጥ ሰውዬው ያለቅሳሉ?"

"አያለቅሱም... እኔ ነኝ የጨመርኩት። በኮምፒውተር።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብና ጎርፍ ያላስለቀሳቸውን ሰው አንተ አስለቀስካቸው?" ወደ ላቦኒ ዞሩ። "ፊታቸው ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ ያውቃሉ?"

ላቦኒ አልጠየቀቻቸውም። ለአሥራ አራት ደቂቃው ፊልም ፊታቸውን ስትቀርጽ ፈቅደውላታል፤ ስለ ፖስተሩ መጠየቅ እንዳለባት ግን ለአፍታም ትዝ ብሏት አያውቅም። አፈረች።

"ደውዪ" አሉ ሞታሃር ብሃይ።

ደወለች፤ ድምጹንም ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከኋላ ደጃፉ ላይ መመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ የመጣ ተማሪና የሰርግ ካርድ ልታሳትም የመጣች ሙሽራ ቆመው ነበር። እነሱም ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

"አባባ፣ ፖስተሩ ላይ ፎቶህን ልናደርግ ነው፤ ይሁን?"

"የኔን ፊት? ግድግዳ ላይ?" አሉ ኩዱስ ማጂ። "ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም፣ አባባ፤ ለፊልሙ ማስታወቂያ ነው።"

"እኛ ጋ ፊቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወይ ለምርጫ የሚወዳደር ነው፣ ወይ የጠፋ ሰው ነው። እኔ አልጠፋሁም። እዚሁ ነኝ።"

ሙሽራዋ በሻርፗ አፏን ሸፍና ሳቀች።

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"እኔ ምኑን አውቄው። ወንዙን አድርጊ። ገመዱን አድርጊ። ሰው ሲሻገር የኖረው በገመዱ ነው፤ በኔ ፊት መሰለሽ እንዴ?"

ይህን ሲሰሙ ሞታሃር ብሃይ የዓይናቸውን መነጽር አውልቀው ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሰላምታ አቀረቡ፤ ስማቸውን ተናገሩ። ከዚያ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና ገመድዎ ቀጥ ይላል ወይስ ይረግባል?" አሉ።

ኩዱስ ማጂን በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ገመዳቸው የጠየቀ ሰው አልነበረም።

"ቀጥ የሚል ገመድ የት አይተው ያውቃሉ?" አሉ፤ ድምጻቸው ሞቅ አለ። "መሃሉ ላይ ይረግባል። ውሃውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይከብድና ይነካል።"

"ጫፉስ? አስተሳሰሩ እንዴት ነው?"

እንዲህ ተጀምሮ አርባ ደቂቃ ሄደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ቋጠሮ አወሩ፤ ገመድ መዳፍን የት ጋ እንደሚበላ፣ እርሳስም ጣትን የት ጋ እንደሚያጠቁር ተነጋገሩ። ዲፕቶ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። ባለ መመረቂያ ጽሑፉ ግን ከመቆም ብዛት አንዱን ካርቶን ስቦ ተቀምጦ ነበር። ገመዱን የጠቀለሉ ዕለት፣ አሉ ኩዱስ ማጂ፣ የወዲያ ማዶውን ጫፍ ሊፈቱት አልቻሉም። ዛፉ አድጎ ቋጠሮውን ውጦታል። ቆርጠው ተዉት።

"እዚያው ነው ያለው?"

"እዚያው ነው። እኔ ወዲህ ነኝ፣ እሱ ወዲያ ነው።"

ሞታሃር ብሃይ አመሰገኑና ስልኩን ዘጉ። እጃቸውን ወደ ቁልፎቹ ሲሰዱ መብራት ጠፋ። ጊዜው ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የኒልኬት ሰው መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም። ላብ ያጠምቀዋል እንጂ። ማራገቢያው ቆመ፤ ፎቶ ኮፒው ዝም አለ፤ ከአጠገቡ ካለው ሱቅ እንደ ሳምቡሳ ያለው የሲንጋራ መጥበሻ ዘይት ሽታ ብቻ ገባ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል ሆነ። ዲፕቶ፣ "ሌላ ሰፈር እንሂድ፤ ጄኔሬተር ያለው ቦታ አለ፤ ያለቀ ፖስተር ይዘን ለምን እዚህ እንቀልጣለን?" እያለ ላቦኒን ይጎትታል።

ሞታሃር ብሃይ ግን የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ አንድ ነገር ይጭራሉ። "አንቺ" አሏት፣ ቀና ሳይሉ። "የፊልምሽን ርዕስ አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"እኔ ነኝኮ ያወጣሁት።"

"አውጥተሽዋል፤ አይተሽዋል ወይ ነው ያልኩት።"

የቤንጋሊ ፊደል አናቱ ላይ አግዳሚ መስመር አለው፤ ፊደላቱ ከዚያ መስመር ላይ ልብስ እንደተሰጣ ይንጠለጠላሉ። ልጅ ሆነን መጻፍ ስንማር የመጀመሪያውን ቁንጥጫ የምንቀምሰው በዚያ መስመር ምክንያት ነው። ሞታሃር ብሃይ "ኦፓር" ብለው ጽፈው ነበር፤ መስመሩን ግን ከ"ፓ" አስነስተው በ"ር" ላይ አሳልፈው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ አርግበው፣ እስከ ወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ድረስ ወስደውታል። ገመድ ሆኗል። የመጀመሪያዋ ፊደል፣ "ኦ"፣ በግራ ጠርዝ ብቻዋን ቆማለች።

"ይህች ፊደል አናቷ ላይ መስመር የላትም" አሉ፣ በጣታቸው ነካ አድርገው። "ከተፈጠረች ጀምሮ የላትም። እኔ አልቀማኋትም። የቀሩት ገመድ ላይ ናቸው፤ እሷ ዳር ላይ ናት።"

ላቦኒ ያቺን ፊደል መጻፍ ከተማረች ጀምሮ ስታያት ኖራለች። አንድም ቀን አላየቻትም ነበር። አሁን ግን ፊደል መሆኗ ቀረና፣ ከወንዝ ዳር ጎበጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሆነችባት።

"በቃ? ይኸው ነው?" አለ ዲፕቶ። "ሰው የለበትም! ፊት የለበትም! ያኛው ፖስተር ላይ የቴሌቪዥን ተዋናይ እየሳቀ ነው፤ እኛ ገመድ እንስቀል? አባትሽ እኮ ናቸው ባዶ ክፍል የሚገቡት!"

ይህ ነገር ላቦኒን ወጋት፤ ምክንያቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ሞታሃር ብሃይን አየቻቸው። ደንበኛን ሲያዋክቡ፣ ሲያሽሟጥጡ፣ ስም ሲሰርዙ የኖሩት ሰው አሁን እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ አሉ።

"ልጁ ትክክል ሊሆን ይችላል" አሉ። "እኔ ስንት ሰው እንደሚገባ አላውቅም። እንባውን ያትሙልኝ ካልሽኝም አትምልሻለሁ፤ አሳምሬ ነው የማትምልሽ። የሚመጡት አባትሽ ናቸው፤ ፊልሙ ያንቺ ነው። እኔ ፊደል ነው የማውቀው።"

ሙሽራዋ እንኳ ካርዷን ረስታ የላቦኒን አፍ ታያለች።

"ገመዱን" አለች ላቦኒ።

መብራቱ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩት እስከ ዛሬ ያወሩታል። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ድረስ ሞታሃር ብሃይ ጣቶቻቸውን እንደ ከበሮ መቺ አፍታቱ። ለጀርባው ምስል ፈልገው ዲፕቶ ያነሳቸውን ሁሉ አገላበጡ፤ በአንዱ ላይ ቆሙ። ወንዙ ነው፤ ንጋት ላይ፣ ጀልባ የሌለበት፣ ሰው የሌለበት፣ ሰማዩና ውሃው የማይለይበት።

"ይህን ማን ነው ያነሳው?"

"እኔ" አለ ዲፕቶ፣ እንዳኮረፈ።

"ይህን ማንሳት የሚችል ሰው እንባ ምን ያደርግለታል?"

ምስሉን ገጹን ሙሉ አለበሱት። ርዕሱን በላይኛው ሲሦ ላይ ጣሉት። ገመዱን በእጅ የተሳለ እስኪመስል ድረስ አሻከሩት፤ እርግበቱን አንዴ ጨመሩ፣ አንዴ ቀነሱ፣ ስልኩን እንደገና የሚሰሙ ይመስል ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ በመጨረሻም በፀጉር ስፋት ዝቅ አደረጉት። ስሞቹን በአንዲት ቀጭን ረድፍ ከታች ደረደሩ፤ ከሠራተኞቹ መጀመሪያ የዲፕቶን አደረጉ። ዲፕቶ አየው፤ መቁነጥነጡንም ተወ። የቀረውን ቦታ ሁሉ፣ ያንን ሰፊ ግራጫ ውሃ፣ አልነኩትም። ላቦኒ እጃቸውን ስታይ አንድ ነገር ገባት። እኚህ ሰው ለካ ሲያስቸግሩ የኖሩት ሥራው ስለሚከብዳቸው አይደለም። የሰው ፊልም በእጃቸው እንዳይበላሽ ስለሚፈሩ ነው።

ታትሞ ሲወጣ ቀለሙ እርጥብ ነበር፤ ሊጠቀለል አይችልም። ላቦኒ በአንድ በኩል፣ ዲፕቶ በሌላ በኩል ይዘውት እንደ አንሶላ ዘርግተው በሪክሾዎቹ መሃል መሮጥ ጀመሩ። ሹፌሮች ጥሩምባ ነፉ። መንገድ ተዘግቶበት የቆመ አንድ የሪክሾ ነጂ አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ኧረ ይህ የኛ አገር መሻገሪያ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"በምን አወቅክ?" አለችው፣ እየሮጠች።

"አረጋገቡን አላይም እንዴ!"

አሥር ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ሃያ ፖስተር ነበር፤ በአሥራ ዘጠኙ ላይ የሰው ፊት ነበረ። የሚጮህ ፊት፣ የሚያለቅስ ፊት፣ ግማሽ ፊት፣ በመስተዋት የተሰበረ ፊት። ተማሪው በእነዚያ መሃል እየተጋፋ ይመጣና ውሃው ጋ ሲደርስ እርምጃው ይቀንሳል። ብዙዎቹ አለፉ። አንዳንዶቹ ግን ቆሙ። ሁለት ልጃገረዶች ገመዱን በጣታቸው በአየር ላይ ተከትለው እስከ ጠርዙ ሄዱ፤ ከዚያ ተያዩና የክፍሉን ቁጥር ጻፉ።

ኩዱስ ማጂ በሌሊቱ መርከብ ዳካ ገብተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ፖስተሩ ፊት ብዙ ቆሙ። "የነሐሴ ውሃ ነው" አሉ ብቻ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትንሿ ክፍል አርባ ወንበር አላት። አምስት ሰዓት ሲሆን አርባውም ተይዞ፣ ዘጠኝ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ትልቁ አዳራሽ ሞልቶ ተርፏል፤ የሳቅ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል፤ ማንም ግን ከትንሿ ክፍል ተነስቶ አልሄደም። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ኩዱስ ማጂ ዞር ብለው ራስ በራስ ቆጠሩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከዳር ሲነሱ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ጆሮ ዘንበል አሉ።

"ጀልባዬ ይህን ያህል ሰው አትችልም ነበር" አሉ።

ፊልሙ አለቀ፤ ተጨበጨበ። ሰዎች መጥተው እጃቸውን ጨበጡ፤ አንዲት መምህርት መዳፋቸውን ገልብጣ አየች። ሰዉ ሲቀንስ ኩዱስ ማጂ ዙሪያቸውን ፈለጉ።

"ያ የስልኩ ሰው የት ነው የተቀመጠው?"

ሞታሃር ብሃይ አልተቀመጡም። አልተጠሩም። ፊልም የሚታየው በሥራ ሰዓት ነው፤ በዚህ ሰዓት ክቡርነታቸው የአንዱን ቅጠል እየነቀሉ ይሆናል። ላቦኒ ብቻ አይደለችም፤ እኛ ሁላችን፣ ከዚያች ሱቅ ፖስተር ይዘን የወጣን ሁሉ፣ ጠርተናቸው አናውቅም። ፊልሙን ነግረናቸዋል፤ አላሳየናቸውም።

አባትና ልጅ በዚያው ወደ ኒልኬት ሄዱ። በስልክ አርባ ደቂቃ ያወሩት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ተጨባበጡ፤ ከዚያ ሁለቱም የጨበጡበትን እጃቸውን ያዩ ጀመር። ላቦኒ ፍላሹን ራሷ ሰካችው።

"ምን ልታሳትሚ ነው ደግሞ?" አሉ ሞታሃር ብሃይ።

"ዛሬ ማተም የለም። ዞር ብለው ይቀመጡ።"

ፊልሙ በዚያች አሮጌ ስክሪን ላይ ተጀመረ። አንድ ደንበኛ "ፎቶ ኮፒ አለ?" ብሎ ገባ፤ ማንም ስላልመለሰለት እሱም ቆሞ ማየት ጀመረ። ኩዱስ ማጂ ገመዱን እየሳቡ ሲጠቀልሉ፣ ገመዱ ከውሃው እየወጣ ሲንጠባጠብ፣ የሞታሃር ብሃይም ጣቶች ጠረጴዛው ላይ አብረው ይንቀሳቀሱ ነበር። ጫፉ ተቆርጦ ሲመጣ ጣቶቻቸው ቆሙ።

ከዚያ የሠሩት ሰዎች ስም በጥቁሩ ላይ መውጣት ጀመረ። ፖስተሩ የተሰቀለ ዕለት ላቦኒ ወደ ቤቷ ገብታ የፊልሙን መጨረሻ ከፍታ፣ በጥድፊያ አንድ መስመር ጨምራ ነበር። መስመሩ መጣ። "ፖስተር፦ ሞታሃር ሆሴን።"

"አቁሚው" አሉ።

አቆመችው። መነጽራቸውን አወለቁ። እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደዱና ሌላውን መነጽር አውርደው አደረጉ። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ስማቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። ባለ ፎቶ ኮፒው ደንበኛ ጉሮሮውን ሊጠርግ አሰበና ተወው።

"በ'ሞ' እና በ'ታ' መካከል ክፍተቱ ሰፍቷል" አሉ በመጨረሻ፤ ድምጻቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። "'ሃር' ደግሞ ተጨናንቋል። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ" አለች ላቦኒ፤ ፊቷ ቀላ። "ቸኩዬ ነው። አሁን አስተካክለዋለሁ፣ ሞታሃር ብሃይ፤ አንድ ደቂቃ..." እጇን ወደ ማውሱ ሰደደች።

ሞታሃር ብሃይ መዳፋቸውን በማውሱ ላይ ከደኑበት።

"እንዳትነኪው" አሉ።